ከአርዲቦ ዳር ተክል እስከ ባትሪ ዋልታ

(ኃይል ለማከማቸት ስለሚያገለግል የተቀመመ ከሰል በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሐይቅ ከተማ ሲደረስ፣ ሁለት ውሆች በጎረቤትነት ተኝተው ይገኛሉ። ዝቅ ብሎ የሚታየው ስሙን ለከተማይቱ ያወረሰው የሐይቅ ሐይቅ ነው። ከእርሱ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ፣ ተራሮች ከበውት የተቀመጠው ደግሞ አርዲቦ ነው። የአርዲቦ ትርፍ ውሃ ቍልቍል ወርዶ፣ በመንገዱም የመስኖ እርሻ አጠጥቶ፣ ወደ ሐይቅ ሐይቅ ይገባል። የሐይቅ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው የተቀበለውን ይዞ ይኖራል።

መሐንዲስ ከዚያ ኮረብታ ላይ ቆሞ ሁለቱን ውሆች ሲመለከት፣ ኃይልን የማከማቸት ጥንታዊው ዘዴ ተዘርግቶ ይታየዋል። ከላይ የተጠራቀመ ውሃ ማለት የተቀመጠ ኃይል ማለት ነውና። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ቢወርድ፣ ኪሳራው ሳይታሰብ፣ የሚሰጠው ኃይል 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህንኑ ያህል ኃይል ዛሬ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የሶዲየም ባትሪ ይዞ ያድራል። እንግዲህ 1,000 ኪሎ ግራም ውሃ ከተራራ ወርዶ የሚሠራውን ሥራ፣ በእጅ የሚያዝ ዕቃ የሚሠራው በምን ብልኃት ነው? የመልሱ ግማሽ ከሰል ነው፤ ያውም ከተክል የተገኘ ከሰል።

ከሰል ለዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በሐይቅ ሐይቅ ውስጥ ቀድሞ ደሴት በነበረው ቦታ ላይ የተተከለው የእስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የታወቀ የመጻሕፍት ማዕከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1280 ግድም የተጻፈው የኢየሱስ ሞአ ወንጌል ለዚህ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ጸሐፍት ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ ጥቀርሻና የተቃጠለ እህል እየፈጩ፣ በሙጫ እያያዙ፣ ለብዙ ጊዜ እያብላሉ ነበር። በሌላ አነጋገር ብራናው ላይ የሚታየው ጥቁረት ከተክል የተገኘ ካርቦን ነው። መቶ ዓመታት አልፈው ቀለሙ ያልጠፋው ካርቦን ከአየርና ከርጥበት ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐድ ነው። ይኸው ጽናት ነው ዛሬም ካርቦንን ለባትሪ ዋልታ ተመራጭ ያደረገው።

ይህም ብቻ አይደለም። በገጠር ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁሉ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተሰብሮ ከውስጡ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ሰሌዳ ለማጥቆር ሲያገለግል አይቷል። ከመካከሉ የምትገኘው ጥቁር ዘንግም ከካርቦን የተሠራች ዋልታ ናት። ስለዚህ ነገሩ እጅግ የረቀቀ ቢመስልም፣ ዕቃው በእያንዳንዱ ቤት ገብቶ የወጣ ነው። የዚህ ንግግር ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፤ በአርዲቦ ዙሪያ ከሚበቅለው፣ ባጠቃላይም ከኢትዮጵያ ተክል፣ ኃይል የሚያከማች ከሰል ሊሠራ ይችላልን? ቢችልስ ተራራውንና ሐይቁን ሳይጎዳ ይሆናልን?

ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም

በማዳበሪያ ተሞልቶ ለገበያ የሚቀርበው የግራር ከሰል ከጕድጓድ የሚወጣው ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ከስሎ ነው። እንዲህ ያለው ከሰል ለምድጃ መልካም ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን በደንብ አያስተላልፍም። እንጨቱ በሚከስልበት ጊዜ መጀመሪያ ውሃው ይወጣል። ቀጥሎ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት የተክሉ ቃጫ ይበታተናል፤ ጭሱና ሬንጁ የሚበዛው በዚህ ጊዜ ነው። እንጨቱን የሚያጠነክረው ሊግኒን የተባለው ክፍል ግን ቀስ እያለ እስከ ከፍተኛ ሙቀት ድረስ ይከስላል። ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ ሲያልፍ የቀሩት የካርቦን አተሞች ስድስት ስድስት እየሆኑ እንደ ማር ቀፎ እንጀራ ተያይዘው በንጣፍ ይደረደራሉ። ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእነዚህ ንጣፎች ላይ ነው።

ንጣፎቹ እንዴት እንደሚደረደሩ የመረመረችው እንግሊዛዊቷ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ናት። ኋላ በዘር ቅንጣት ጥናት ስሟ የገነነው ይህች ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመችው ጽሑፍ ካርቦንን በሁለት ከፈለችው። አንደኛው ወገን ሙቀት ሲጨመርበት ንጣፎቹ እየተስተካከሉ ግራፋይት የሚሆነው ነው። ሁለተኛው ምንም ያህል ቢሞቅ ንጣፎቹ እንደ ተዘበራረቁ የሚቀሩት ነው። እንጨት፣ የፍሬ ቅርፊትና አገዳ ሲከስሉ በአብዛኛው በሁለተኛው ወገን ይመደባሉ፤ ይህም ዛሬ ጠጣር ካርቦን ይባላል።

ይህ መዘበራረቅ እንደ ጕድለት ሊቈጠር ይችል ነበር፤ ነገር ግን ጥቅም ሆነ። በግራፋይት ውስጥ በሁለት ንጣፎች መካከል ያለው ርቀት 0.335 ናኖ ሜትር ብቻ ነው። የሊቲየም አዮን በዚያ ይገባል፤ የሶዲየም አዮን ግን በተለመደው ባትሪ ውስጥ በግራፋይት ላይ በሚገባ አይቀመጥም። በጠጣር ካርቦን ውስጥ ርቀቱ ወደ 0.38 ናኖ ሜትር ከፍ ይላል፤ በየመካከሉም ጥቃቅን ባዶ ጕድጓዶች አሉ። በካናዳ ስቲቨንስና ዳን የተባሉት ተመራማሪዎች ከግሉኮስ ስኳር በከሰለ ጠጣር ካርቦን ውስጥ ሶዲየም በብዛት ሊቀመጥ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2000 አስረዱ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እየሰፋ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ካትል የተባለው የቻይና ኩባንያ የሶዲየም ባትሪውን ለዓለም አስተዋወቀ። ሊቲየም በጥቂት አገሮች ብቻ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ ሶዲየም ግን ጨው ባለበት ሁሉ አለ።

ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድም አለ። ከሰሉ በእንፋሎት ወይም በፖታሽ ውሁድ ተቀቅሎ ቀዳዳው እንዲበዛ ቢደረግ፣ የአንድ ግራም ከሰል የውስጥ ገጽ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ካሬ ይደርሳል። ሁለት ግራም ከሰል፣ ይኸውም በጣት ጫፍ የሚነሣ ዱቄት፣ የአንድ ጥማድ መሬት ያህል ገጽ አለው ማለት ነው። አዮኖች በዚህ ገጽ ላይ ሲደረደሩ ኃይል ይከማቻል። በዚህ ዘዴ የሚሠራው ዕቃ ሱፐርካፓሲተር ይባላል። የመጀመሪያው ፓተንት በአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ ኔክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1978 ለገበያ አቀረበው። ዛሬም በዓለም ገበያ ለሱፐርካፓሲተር በብዛት የሚፈለገው ከሰል ከኮኮናት ቅርፊት የሚሠራው ነው። እንግዲህ ከተክል የተሠራ ዋልታ የነገ ተስፋ ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ የዋለ ዕቃ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ቅመማው

ንጹሕ ካርቦን ውሃ ይጠላል። ገጹ ሰፊ ቢሆንም ፈሳሹ ወደ ቀዳዳው ካልገባ ስፋቱ ከንቱ ነው። ወጥ ያለ ቅመም እንደማይጥም፣ ከሰልም ጥቂት ባዕድ አተም ሲቀላቀልበት ጠባዩ ይለወጣል። ስለዚህ ይህ ዓይነቱን ከሰል የተቀመመ ከሰል ብሎ መጥራት ይቻላል።

ከቅመሞቹ ዋናው ናይትሮጂን ነው። ካርቦን በውጭ ዛቢያው 4 ኤሌክትሮኖች ሲኖሩት ናይትሮጂን 5 አለው። በንጣፉ መካከል አንድ የካርቦን አተም ወጥቶ ናይትሮጂን ቢተካ ትርፉ ኤሌክትሮን ለንጣፉ ይተርፋል፤ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉም ይጨምራል። ናይትሮጂኑ ከንጣፉ ጠርዝ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ አዮን የሚያርፍበት ወንበር ይሆናል፤ ፈሳሹም በቀላሉ እንዲያርሰው ያደርጋል። ድኝ አተሙ ተለቅ ያለ ስለሆነ ንጣፎቹን ያራርቃል፤ ፎስፎረስና ቦሮንም እንደየጠባያቸው ይረዳሉ።

የተክል ጥቅም ጐልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከነዳጅ ተረፈ ምርት በሚሠራ ካርቦን ላይ ናይትሮጂን ከውጭ መጨመር የግድ ሲሆን፣ በተክል ውስጥ ግን ፕሮቲን አለና ናይትሮጂኑ ከመጀመሪያው ተቀምሞ ይመጣል። የባቄላ ገለባ፣ የቡና ገለፈት፣ በውሃ ላይ የሚበቅል ቅጠል፣ ከእንጨት ይልቅ ብዙ ናይትሮጂን አላቸው። ከዚህም በላይ በተክሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በሚከስልበት ጊዜ ቀዳዳ ይከፍታል። የፖታሽ ስም ራሱ ከአመድ የመጣ መሆኑ ይህን ያስታውሳል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ግጭት አለ። ሙቀቱ ከፍ ሲል ከሰሉ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ይሻሻላል፤ ናይትሮጂኑ ግን እየተነነ ይጠፋል። ከ900 ዲግሪ በላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ለሶዲየም ባትሪ የሚሆነው ጠጣር ካርቦን ደግሞ ከ1,000 እስከ 1,400 ዲግሪ ይፈልጋል። ለሱፐርካፓሲተር ቀዳዳ መብዛቱ በረከት ሲሆን፣ ለሶዲየም ባትሪ የገጽ መስፋት እርግማን ነው፤ በመጀመሪያው ሙሌት ወቅት ብዙ ሶዲየም በገጹ ላይ ታስሮ ይቀራልና። ስለዚህ አንድ ከሰል ለሁሉም አይሆንም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለየትኛው ዕቃ እንደሚፈለግ መወሰን አለበት።

ጥሬ ዕቃው ከየት ይምጣ

በውጭ አገር በሚታተሙ ጽሑፎች ውስጥ የሰብል ቅሪት ሁልጊዜ ቆሻሻ ተብሎ ይጠራል። ይህ አነጋገር ለአርዲቦ ገበሬ አይገባም። የማሽላው አገዳ ለከብት ይቀርባል፣ አጥር ይሆናል፣ ጣራ ይሸከማል፣ ከምድጃ ይገባል። የጤፉ ጭድ ለበሬው መኖ፣ ለግድግዳው ጭቃ ነው። ኩበቱም ሳይቀር ይነድዳል። እንግዲህ በዚያ ቤት ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም። ከዚህ ቤት ጭድ የሚገዛ ፋብሪካ ቢቋቋም፣ ከበሬው አፍ ነጥቆ መውሰዱ ነው።

እንጨትማ ከቶ ሊታሰብ አይገባም። የወሎ ተራሮች እንዴት እንደተራቆቱ፣ በ1966ና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኀብ ምን እንዳደረሰ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከዚያ በኋላ እርከን የተሠራባቸውና ከግጦሽ የተከለሉ ኮረብታዎች ዛሬ ቍጥቋጦ ለብሰዋል። ይህ ልብስ በብዙ ሰው ድካም የተገኘ ነው። ለባትሪ ተብሎ ቢገፈፍ፣ ደለሉ ወርዶ የሚሞላው አርዲቦን ነው።

ታዲያ ምን ይቀራል? አንደኛ፣ የቡና ገለፈት አለ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ በቡና ምርት ቀዳሚዋ አገር ስለሆነች፣ በሲዳማ፣ በጅማና በሌሎችም ቦታዎች በየማጠቢያውና በየመፈልፈያው ገለፈቱ እየተቈለለ ወንዝ ሲበክል ይኖራል። ሁለተኛ፣ እምቦጭ አለ። ይህ መጤ አረም ከ2004 ዓ.ም. ግድም ወዲህ በጣና ሐይቅ ላይ ተስፋፍቶ ዓሣ አስጋሪውንና ገበሬውን ሲያስጨንቅ ቈይቷል፤ ሕዝብም በእጁ እየነቀለ ከዳር ሲከምረው ታይቷል። ናይትሮጂንም ፖታሲየምም ስላለው ለቅመማው የተመቸ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ መታየት አለበት። እምቦጭ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ ቶን እርጥብ አረም ደርቆ 60 ኪሎ ግራም ያህል ቢሆን፣ ከስሎና አመዱ ታጥቦ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም ከሰል ይወጣው ይሆናል። አረሙን በፀሐይ ከዳር ማድረቅ እንጂ እርጥቡን በመኪና ማጓጓዝ ኪሳራ መሆኑ ከዚህ ይታያል። እምቦጭን ለጥሬ ዕቃ ብሎ ማራባትም ታላቅ ስሕተት ይሆናል፤ የሚፈለገው እንዲያልቅ ነውና።

ሦስተኛ፣ በሐይቅ ዳር የሚበቅለው ቄጤማ ነው። በአርዲቦ ዳርቻ ይህ ሣር ለዓሣ መራቢያና ለደለል ማጥለያ ስለሚያገለግል፣ ቢታጨድም በፈረቃና በልክ መሆን አለበት።

ሒሳቡ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተገቢ ቢሆንም፣ የሚያስፈልገው መጠን ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ መፍራትም ሆነ መጓጓት ልክ አይደለም። አንድ የገጠር ቤተሰብ በየምሽቱ ለሦስት አምፖል፣ ለሬዲዮና ለስልክ 100 ዋት ሰዓት ያህል ቢፈልግ እንበል። የሶዲየም ባትሪ አማካይ ቮልቴጅ ወደ 3 ቮልት ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው 33 አምፔር ሰዓት ነው። ጥሩ ጠጣር ካርቦን በግራም 300 ሚሊ አምፔር ሰዓት ስለሚይዝ፣ 110 ግራም ከሰል ይበቃል። ለመጀመሪያው ሙሌት ኪሳራና ለእርጅና ተጨምሮበት 150 ግራም ይሁን። ደረቅ ተክል ሲከስል ከአምስት እጅ አንዱ ቢተርፍ፣ ጥሬው አንድ ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም።

ይህ ውጤት ቆም ተብሎ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ያው ቤተሰብ እንጀራ ለመጋገርና ወጥ ለመሥራት በአንድ ቀን ብዙ ኪሎ ግራም እንጨት ያነዳል፤ ያም በማግሥቱ አመድ ነው። በባትሪ ውስጥ የገባው አንድ ኪሎ ግራም ግን ለዓመታት ብርሃን እየተቀበለ ይሰጣል። ለአንድ ሚሊዮን ቤተሰብ የሚበቃው ጥሬ ዕቃ 1,000 ቶን ያህል ደረቅ ተክል ብቻ ነው። ስለዚህ ተራራውን የሚያራቁተው የባትሪው ከሰል ሳይሆን የምድጃው ከሰል ነው። የባትሪው ጣጣ ከብዛቱ ሳይሆን ከጥራቱና ከአሠራሩ ላይ ይመጣል።

በሱፐርካፓሲተር ቢሆን ግን ነገሩ ይለያል። የገበያው ዕቃ በኪሎ ግራም 5 ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚይዝ፣ ለዚያው ምሽት 20 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ስለዚህ ለመብራት አይሆንም። ሥራው ሌላ ነው፤ በቅጽበት ብዙ ኃይል ተቀብሎ በቅጽበት መስጠትና ይህንንም መቶ ሺህ ጊዜ መደጋገም ነው። ለአውቶቡስ ፍሬን፣ ለሞተር ማስነሻ፣ ለነፋስ ተርባይን ክንፍ ማዞሪያ ይህ ተመራጭ ነው።

በቤተ ሙከራና በገበያ መካከል

በየጊዜው የሚታተሙት ጽሑፎች ከአንድ ተክል የተሠራ ከሰል በግራም 400 ፋራድ ያዘ ይላሉ። መሐንዲስ ይህን ቍጥር ሲያነብ መጀመሪያ ለአራት ማካፈል አለበት። ልኬቱ የተወሰደው በአንድ ዋልታ ላይ ሲሆን፣ እውነተኛው ዕቃ ግን ሁለት ዋልታ በተርታ የተያያዙበት ነው። ሁለት እኩል ዋልታዎች በተርታ ሲያያዙ አቅማቸው በግማሽ ይቀንሳል፤ ክብደቱ ግን እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 400 የተባለው 100 ይሆናል። የፈሳሹ፣ የአሉሚኒየሙና የሽፋኑ ክብደት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ሁለተኛው ነገር ቮልቴጅ ነው። የሚከማቸው ኃይል የአቅሙ ግማሽ በቮልቴጁ ካሬ ተባዝቶ ስለሆነ፣ በውሃ ላይ በተሠራ ፈሳሽ 1 ቮልት የሚሠራ ከሰል በሌላ ፈሳሽ 2.7 ቮልት ቢችል፣ አቅሙ ባይጨምር እንኳ ኃይሉ ከሰባት እጥፍ በላይ ይሆናል። በቤተ ሙከራ የሚያኰራ ቅመም በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ከፈሳሹ ጋር ተዋሕዶ ዕቃውን የሚያበላሽበት ጊዜም አለ። የቅመም ጥቅም በልክ መሆኑ ለወጥ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ወጥነት ነው። ፋብሪካ የሚፈልገው የዛሬው ከሰል የዛሬ ዓመቱን እንዲመስል ነው። ተክል ግን እንደ ዝናቡና እንደ ዐፈሩ ይለዋወጣል። በጤፍና በማሽላ ቅሪት ውስጥ ያለው ሲሊካ፣ በእምቦጭ ውስጥ ያለው አመድ ከወቅት ወቅት አንድ አይሆንም። ስለዚህ ከእቶኑ በፊት የሚቀድመው መሣሪያ ናሙና መውሰጃ፣ ማድረቂያና የአመድ መለኪያ ነው። ይህ ሥራ ዝና አያስገኝም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ የሚቋቋም ፋብሪካ አይቆምም።

ሐይቁን የሚነካው

የተቀመመ ከሰል ሲሠራ ሬንጅና መርዛማ ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ተመልሶ በእቶኑ ውስጥ መቃጠል አለበት። አመዱን ለማጠብ አሲድ፣ ቀዳዳውን ለመክፈት የፖታሽ ውሁድ ያስፈልጋል፤ እጣቢውም ጨዋማ ነው። የአርዲቦ ተዳፋት ላይ የሚፈስ እጣቢ አርዲቦ ይገባል፤ ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ ሐይቅ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም። ውሃው ተንኖ ይሄዳል፤ ጨውና መርዝ ግን ይቀራል። መውጫ በሌለው ሐይቅ ላይ የሚደረግ ስሕተት እንደ ተቀማጭ ሒሳብ ወለዱ እየተጨመረበት ይኖራል። ስለዚህ ቄጤማው ከዚያ ቢታጨድ እንኳ ማቀነባበሪያው በተፋሰሱ ውስጥ ሊተከል አይገባም። ከፖታሽ ውሁድ ይልቅ በእንፋሎት የሚከፈት ከሰል ቢመረጥ ደግሞ ጣጣው ይቀልላል።

ሌላም ስጋት አለ፤ ይህኛው ከተሳካ ሥራ የሚመጣ ነው። ርካሽ ባትሪና የፀሐይ ኃይል ሲገናኙ፣ ውሃ መሳቢያ ሞተር ቀንም ሌሊትም መሥራት ይችላል። ናፍጣ ሲወደድ የሚቆመው ሞተር ከእንግዲህ አይቆምም። ይህ ለመስኖው በረከት ነው፤ ለሐይቁ ግን ልጓም መፍታት ነው። በሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ በተሳበው ውሃና በወረደው ደለል ምክንያት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ውሃ ቢመለስበትም ትምህርቱ የሚረሳ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የአብያታ ሐይቅም ገባሮቹ በመስኖ በመጠለፋቸውና ለሶዳ አሽ በሚሳበው ውሃ ምክንያት በእጅጉ ሸሽቷል። የሶዲየም ባትሪ ሶዲየሙን ከሶዳ አሽ ሊያገኝ መቻሉን ያሰበ ሰው፣ የአንዱ ሐይቅ ብርሃን በሌላው ሐይቅ መድረቅ እንዳይገዛ መጠንቀቅ አለበት። ኃይል ማከማቸት ከውሃ አጠቃቀም ሕግ ጋር ካልተጣመረ፣ መሐንዲሱ አንዱን ጎድጓዳ ሞልቶ ሌላውን ያጎድላል።

ምን ይሠራ

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ለአገሪቱ ተጨምሯል። በአዳማና በአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ተተክሏል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። ይሁንና ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ከመረቡ መብራት አላገኘም፤ በየቤቱና በየመኪናው የሚገባው ባትሪም ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ባትሪ ሙሉውን ለመሥራት ገና ብዙ መንገድ አለ። ከባትሪው ክፍሎች አንዱን፣ ይኸውም የካርቦኑን ዱቄት፣ ለመሥራት ግን የሚያስፈልገው ተክል፣ ሙቀትና ጥንቃቄ ነው። ሙቀቱ ከኤሌክትሪክ እቶን፣ ተክሉ ከተቈለለው ገለፈትና ከተነቀለው አረም ሊገኝ ይችላል። ጥንቃቄው ግን የባለሙያው ድርሻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ሥራዎች በቅደም ተከተል ቢያዙ ይበጃል። መጀመሪያ፣ የቡና ገለፈት፣ እምቦጭ፣ ቄጤማና ሌሎችም ተክሎች እንደየወቅቱና እንደየቦታው ያላቸው አመድ፣ ናይትሮጂንና ፖታሲየም ተለክቶ በመዝገብ ይያዝ። ይህ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎቻቸው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲም ለሁለቱ ሐይቆች የቅርብ ጎረቤት ነው። ቀጥሎ፣ በአንድ ኪሎ ግራም ደረጃ የሚሠራ፣ ጭሱን ራሱ የሚያነድድ፣ እስከ 1,300 ዲግሪ የሚደርስ እቶን ይሠራ፤ ውጤቱም በሙሉ ባትሪ ውስጥ እንጂ በአንድ ዋልታ ብቻ አይፈተን። በመጨረሻም፣ ከሰሉ ለዓለም ገበያ የሚበቃ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ፋብሪካው ከሐይቅ ተፋሰስ ርቆ እጣቢው በሚታከምበት ቦታ ይተከል። መዝገቡ ሳይጻፍ እቶኑ፣ እቶኑ ሳይፈተን ፋብሪካው ቢቀድም፣ ገንዘቡም ስሙም በከንቱ ይባክናል።

የእስጢፋኖስ ገዳም ጸሐፍት ቀለማቸውን ሲበጠብጡ አልቸኰሉም። ጥቀርሻውን መርጠው፣ ፈጭተው፣ አብላልተው፣ በብራና ጫፍ ላይ ሞክረው ነበር መጻፍ የሚጀምሩት። ከተክል በተገኘ ካርቦን የሠሩት ሥራ እስከ ዛሬ ይነበባል። ከዚያው ውሃ ዳር ለሚነሣው አዲስ ሥራም ከዚህ የተሻለ ደንብ አይገኝም፤ ዕቃውን መምረጥ፣ መለካት፣ በትንሹ መሞከር፣ ከዚያ በኋላ መጻፍ። አርዲቦም ውሃውን እንደ ቀድሞው ቍልቍል እየሰጠ፣ ተራራውም ልብሱን እንደ ለበሰ፣ በዳርቻው ያለው ቤት መብራት ሲያበራ፣ ያን ጊዜ ሥራው ተሳካ ይባላል።